ደረቁ ጥግ

አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አልጋ እየገፋ ነው። አልጋው ላይ ሚስቱ ተኝታለች። ዝናቡ ግንቦት እንኳ ሳይወጣ፣ በጠራራ ፀሐይ መሐል፣ ሰው ልብስ አስጥቶ ሳለ ነው ድንገት የወረደው። ሰውዬው አልጋውን ወደ ግራ ገፋው፤ ጠብታው ትራሷ ላይ አረፈ። ወደ ቀኝ ሳበው፤ ጠብታው እግሯ ላይ አረፈ። ወደ በሩ አዞረው፤ በሩ አልዘጋ አለ።

«ተወው በቃ፣ የነበርኩበት ይሻለኛል። ቢያንስ የዚያኛውን ጠብታ ጠባይ ለምጄዋለሁ» አለችው ሚስቱ።

ሁለቱም ሳቁ። የእሷ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ደግሞ እንደ ሳቁ ቶሎ አላለቀም።

ሰውዬው ሀብተየስ ይባላል፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ ሀብቴ ነው የሚለው። ሚስቱ እታፈራሁ ናት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ጣሪያው ከትዳራቸው በዕድሜ ይበልጣል፤ ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ከቤቱ ሁሉ የማያፈስ አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ከበሩ ትይዩ ያለው ጥግ። እዚያ ላይ በደህናው ጊዜ አዲስ ቆርቆሮ አስመትተውበታል። ስፋቱ አንድ አልጋ ልክክ አድርጎ ይይዛል። ታዲያ እዚያ ደረቅ ጥግ ላይ ማን የተኛ ይመስልሃል? ራዲዮ!

ከወለል እስከ ጣሪያ ራዲዮ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው፣ ባለ እንጨት ሳጥኑ፣ ካሴት የሚውጠው ቴፕ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ቀፎው ብቻ የቀረው፤ ሁሉም ተደራርቧል። በእያንዳንዱ አንገት ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት በክር ታስራለች። በላያቸው ላይ ደግሞ ላስቲክ ለብሰዋል፤ አያፈስባቸውም፣ ግን ምናልባት እንኳ ቢያፈስ ተብሎ።

ጋሽ ሀብቴ በጊዜው የተጠራ ባለሙያ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሰው የሞተ ራዲዮ ይዞለት ሲመጣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥና፣ «ትንሽ ነው የነካችው፣ ማክሰኞ ና» ይላል። የዳነው ማክሰኞ ወጣ። ያልዳነው ወደሚቀጥለው ማክሰኞ ተዛወረ። ባለቤቱ ሁለቴ ሦስቴ ተመላለሰና ሰልችቶት ቀረ። እየቆየ ስልኩ ሁሉ ራዲዮ ሆነ፤ የሚጠግንም የሚጠይቅም ጠፋ። ሱቁ ሲዘጋ ያልዳኑት በሙሉ በጋሪ ተጭነው ቤት ገቡ። ይሄ ከሆነ ዘንድሮ ስድስተኛ ክረምቱ ነው።

በማግስቱ እታፈራሁን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የእታፈራሁ ጀርባ ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ደጋግማ አዳመጠች።

«እናቴ፣ የት ነው የሚተኙት?»

«አልጋ ላይ ነዋ ልጄ» አለች እታፈራሁ።

«ፍራሹ ይረጥባል?»

እታፈራሁ ባሏን አየችው። ባሏ ጫማውን አየ።

«መድኃኒቱን እሰጥዎታለሁ» አለች ሐኪሟ። «ግን መድኃኒትና እርጥብ ፍራሽ አብረው አይሠሩም። ሐምሌ ሳይገባ ደረቅ ቦታ መተኛት አለብዎት። ይሄን ክረምት እንደ አምናው ካሳለፉት ሳንባዎ አይችለውም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አባቴ፣ ሰምተውኛል?»

ሰምቷል። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ «ሰኔ ሳይገባ ጥጉን አጸዳልሻለሁ» አላት።

«ሳይገባ?»

«ሳይገባ አልኩሽ።»

ሰኔ ገባ።

እታፈራሁ ነዝናዛ ሴት አይደለችም። ትራሷ ላይ ደገፍ ብላ በዓይኗ ክምሩን ከላይ እስከ ታች ትወጣ ትወርድበታለች። አንድ ቀን ግን አላስቻላትም።

«ያቺ ባለ እንጨቷ የማን ናት?»

«የሻምበል ውብሸት።»

«ሻምበል ውብሸት እኮ ሞተዋል። አንተው ራስህ አፈር አልብሰሃቸው መጥተሃል።»

«ወራሽ ይኖራቸዋል።»

«ወራሻቸው ቤታቸውን ሸጦ ከአገር ከወጣ ስንት ዘመኑ! ለዚች ራዲዮ ብሎ ነው የሚመለሰው? ወይስ ሻምበል ናቸው ከመቃብር ተነስተው ዜና የሚያዳምጡት?»

«እቱ» አለ ጋሽ ሀብቴ፣ «አደራ ነው። ሰው አምኖ የሰጠኝን ጥዬ በስተርጅና አደራ በላ ልባል?»

እታፈራሁም ያደገችው በዚሁ ቃል ነው። ሌባ ቢሉህ ታስረህ ትፈታለህ፤ አደራ በላ ካሉህ ግን ስሙ ለልጅህም ይተርፋል። የሰው ዕቃ ከሚጠፋብህ የራስህ ቤት ቢቃጠል ይሻላል እየተባለ ነው ሰው የሚያድገው። ጋሽ ሀብቴም ይህን አጥብቆ ይዞ ነው ከዚያ ክምር ጋር የሚኖረው። አንድ አደራ ግን ክር ያልታሰረለት፣ ስም ያልተጻፈለት፣ እዚያው አልጋው ላይ ያስል ነበር። እሱን ከቁጥር አላስገባውም።

በሌላ ቀን ደግሞ ጋሽ ሀብቴ ሳሙና ሊገዛ ወጣ ብሎ ሲመለስ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌው በሩ ላይ ማዳበሪያውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ድምፁን በመስኮት ሰምታ የጠራችው እታፈራሁ ናት።

«ምን ፈለግህ?» አለው ጋሽ ሀብቴ።

«እናት ጠርተውኝ ነው። አባባ፣ እነዚህ ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ። ትንሽ ትንሽ ነው የቀራቸው።»

ቁራሌው አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ቴፑን አየት አደረገ። «ይሄ ለመጨረሻ ጊዜ ያወራው መቼ ነው?»

«ምን አገባህ አንተ?»

«አይ፣ እኔማ የሞተ ነው የምገዛው። ያልሞተውን እርስዎ ያስታምሙ» አለና ማዳበሪያውን አስተካክሎ፣ «ቁራሌው!» እያለ ቁልቁል ወረደ።

ጋሽ ሀብቴ ተናደደ። በሩን ዘጋ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉተመትም ዋለ፤ በነገሩ የተናደደው ግን በቁራሌው ብቻ አልነበረም።

እውነቱን እንነጋገር። ሰውዬውን የያዘው የአደራው ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገድ አይጠፋም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ያሉትን እየዞረ ማንኳኳት ይችላል። «ይሄውልህ ራዲዮህ፣ አልዳነልኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ማለት ይችላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዷ ራዲዮ የዋሸባት አንዲት ማክሰኞ ነች። ራዲዮዋን መመለስ ማለት አርባ ዓመት ሙሉ ከአፉ ያላወጣውን ቃል ማውጣት ነው። ያን ቃል ከማውጣት ክምሩን ተሸክሞ መኖር ቀለለው። ሸክሙን የተሸከመው ደግሞ እሱ አልነበረም።

«ከየት ልጀምር?» አላት አንድ ቅዳሜ ጠዋት። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክምሩ ፊት ቆሟል። ክምሩ ተራራ ሆኖበታል።

«ከላይኛዋ» አለች እታፈራሁ። ዓይኗ በራ። «አንዷን ብቻ ዛሬ አውጣት። ነገ ሌላ። እኔ እዚህ ሆኜ እቆጥርልሃለሁ።»

የላይኛዋን አወረዳት። ደጅ ሊያወጣት በሩ ጋ ደረሰ። እዚያ ላይ፣ «እስቲ ምን እንደነካት ልያት» አለ። ካቻቢቴውን አመጣ። ጀርባዋን ከፈተ። አንድ ሽቦ ተቃጥሏል። እሱን ቢቀይር ሌላው ላልቷል። ዕቃ ሊያወጣ የተነሳ ሰው ራዲዮ ሊጠግን ተቀመጠ። ምሳ አለፈ፤ ፀሐይዋ ዞረች። አመሻሹ ላይ ራዲዮዋ አንዴ ጭርርር አለችና ጸጥ አለች።

«ተናገረች እኮ!» አለ በደስታ።

«አዎ፣ ሰማኋት።»

«ነገ ጨርሻት ለባለቤቷ እሰጣታለሁ። እንዲህ እንዳለች ብመልሳት ግማሽ ሥራ ነው የሚሆነው።»

እስከ ነገ ድረስ የት ትደር? ክምሩ ላይ ተመለሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አወረደ፤ እሷም ተመልሳ ወጣች። ሰኔ እንዲህ አለፈ። እታፈራሁም መቁጠሯን ተወች። ከአንድ ሳያልፉ ወደ ዜሮ መመለስ አስቸገራት መሰለኝ።

ለመሆኑ ጎረቤት አልነበረውም? ነበረው። ግድግዳ የሚጋራው ጥሩነህ የሚባል ግንበኛ አለ፤ ሳሏን በግድግዳው እየሰማ የሚተኛ። አንድ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እትዬ እታፈራሁ እንዴት አደረች? የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ እንጂ።»

ጋሽ ሀብቴ በሩን በሰውነቱ ሸፈነው። ውስጡ እንዳይታይ አንድ እጁን ከዚህ አንድ እጁን ከዚያ ዘረጋ። «ኧረ ምንም የለም፣ ሰላም ነን። ጉንፋን ነው። አንተ ብቻ ሥራህ አይርፈድብህ።»

ገመና ነዋ! ሚስቱን ዝናብ ላይ አስተኝቶ ራዲዮ ደረቅ ላይ ያስተኛ ሰው መባልን ፈራ። ቤቱ እንዳይታይበት በሩን ዘጋው። በሩን ሲዘጋው እሷንም አብሮ ዘጋባት።

ሐምሌ በበረዶ ገባ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚወረወር ይመስል ነበር። ጎድጓዳ ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ጣሳው፣ ሁሉም ከጠብታው በታች ተደርድሮ ቤቱ ያቃጭላል። ፍራሹን ቢጨምቁት ባልዲ ይሞላል። ጋሽ ሀብቴ ያን ቀን በእውነት ደነገጠ። ላስቲኩን ከራዲዮዎቹ ላይ ገፎ እሷን አለበሳት። ከዚያ ወደ ክምሩ ዞሮ ሁለቱን አወረደና ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ወለሉ ውሃ ነው፤ መልሶ አነሳቸው። ወዴት ያድርጋቸው? ደጁ በረዶ ነው። በሐምሌ ዕቃ ወዴት ይወጣል? ግንቦት ላይ ደጁ ደረቅ ነበር።

እታፈራሁ ከላስቲኩ ሥር ድምፁን ትሰማለች።

«ሀብቴ።»

«ወይ እቱ።»

«ስንት ቀረህ?»

ሁለቱን ራዲዮ ታቅፎ ቆሞ ነበር። «ጥቂት ናት የቀረችኝ» አላት።

«ጎሽ» አለች። ዓይኗን አልከፈተችም።

ሰኞና ማክሰኞ ትኩሳቱ አልወረደም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እታፈራሁ ዐረፈች።

እንግዲህ ልብ በል። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳኑ ገና ከመጋዘን ሳይመጣ ወንዶቹ ደረሱ፤ ጥሩነህ ከፊት ነው። የለቅሶ ቤት ወጉ ይታወቃል፤ አስከሬን ሊገነዝ፣ ቄስ ሊገባ፣ ሰው ሊቀመጥ ነውና ቤቱ ይለቀቃል። ማንም ማንንም አላስፈቀደም። ማንም ወረቀቷን አላነበበም። አንዱ ይቀበላል፣ ሌላው ያሳልፋል። የሻምበል ውብሸትም፣ ያቺ ጭርርር ያለችውም፣ ሁሉም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በጥሩነህ በረንዳ ሥር ተደረደሩ፤ ላስቲክ ተደረበባቸው። ዝናቡ እየዘነበ ነው፤ አንዲትም አልረጠበችም። ሴቶቹ ወለሉን ጠረጉት።

ጋሽ ሀብቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጥጉ ባዶ ሆኖ አየው። ስድስት ዓመት ያላየው ወለል ነው። ደረቅ ነበር፤ አቧራ እንኳ ይዟል።

ገናዦቹ አስከሬኑን የት ያድርጉት? አልጋው ያለበት ቦታ እየተንጠባጠበ ነው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ዞር ዞር አሉ። እትዬ ሙላቷ የምትባል ጎረቤት ያን ጥግ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችና፣ «ወደዚህ አምጧት፤ እዚህ አያፈስባትም» አለች።

አልጋው ወደዚያ ተወሰደ። ልክክ ብሎ ገባ።

እታፈራሁ ደረቁ ጥግ ላይ ተኛች። ካህናቱ ፍትሐቱን እስኪያደርሱ፣ ቀብር እስኪደርስ፣ ጥቂት ሰዓት ተኛችበት። ጋሽ ሀብቴ የጮኸውን ጩኸት ሰው የባል ሐዘን መስሎት አብሮት አለቀሰ። እሱ ግን የጮኸው አልጋው ልክክ ሲል ባየ ጊዜ ነው።

በሠልስቱ ሰዉ ተመልሶ ቤቱ ጭር ሲል ጥሩነህ ቀረ። አግዳሚዎቹን ከግድግዳ አስጠግቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ዕቃህን የት እናስገባልህ?»

ጋሽ ሀብቴ ወደ ባዶው ጥግ ዞረ። «ስንት ሆናችሁ ነው ያወጣችሁት?»

«ስድስት ሰባት ብንሆን ነው።»

«ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?»

«ኧረ የምን ሰዓት! ድንኳኑ እንኳ ሳይደርስ አልቋል። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«አልከበዳችሁም?»

«ራዲዮ ምን ይከብዳል፣ ጋሼ?»

ያን ጊዜ ጋሽ ሀብቴ ሁሉንም ነገረው። ሐኪሟ ያለችውን፣ ስለ ማክሰኞዎቹ፣ ስለ ቅዳሜዎቹ፣ «ጥቂት ናት የቀረችኝ» ብሎ የዋሸውን።

ሰው ቤቱን ለማጽዳት ጉልበት እስኪመጣለት ይጠብቃል። ወኔ ሲመጣ፣ ጊዜ ሲገኝ፣ ሁሉን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ይላል። ወኔ ግን ተቀምጦ ለሚጠብቀው ሰው ቤቱ ድረስ አይመጣም፤ የመጀመሪያዋን ዕቃ ደጅ ላወጣ ሰው ነው ሁለተኛዋን የሚያግዘው። የወጣችውን ደግሞ መልሰህ አታስገባት፤ መጠገንህም መመራመርህም ይቆይ። የማይችሉትን አልችልም ማለትም ቤት ማጽዳት ነው። የሞተ ነገር ደረቁን ቦታ ይዞ ሕያው ሰው የሚያፈሰው ላይ የሚተኛበት ቤት ብዙ ነው፤ ዕቃው ራዲዮ ላይሆን ይችላል እንጂ። ለሬሳ በግማሽ ሰዓት የሚለቀቅ ቦታ፣ ለሕያው ስድስት ክረምት እንዴት ይታጣል? ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሰማዩ ገና ሳይከፋ ቤትህን ዞር በልና እየው፤ ደረቁን ጥግ የያዘው ምንድን ነው? ጠብታው ሥር የተኛውስ ማን ነው?

ጋሽ ሀብቴ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «አፍሬ ነው» አለ። «ቤቴን ሰው እንዳያይብኝ አፍሬ ነው፣ ጥሩነህ።»

ጥሩነህ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ጋሽ ሀብቴ» አለው፣ «እኔ እኮ የምኖረው ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው። ጠርተኸኝ የቀረሁበት ቀን አለ?»